የግማሽ ሚሊሜትር ዋንጫ

እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ ሰው ከነጥይቱ ልክ የሚወለድ ይመስለኝ ነበር። ከወንዙ ወዲህ የተወለደ ሰባት ስልሳ ሁለት ይሆናል፤ ማዶ የተወለደ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ስድስት ተኩል። ቁጥሮቹ የጥይት ውፍረት መሆናቸውን፣ በሚሊሜትር እንደሚለኩም አውቃለሁ። የማላውቀው፣ ሰው ሊቀይራቸው እንደሚችል ነው። ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ቡናማ አደርገዋለሁ አይልም፤ ይህም ለእኔ እንደዚያ ነበር።

የሁለቱ ዳርቻ ሰዎች አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የተኩስ ሜዳና አንድ ዋንጫ ነበረን። በቤተ ክርስቲያኑ ተስማምተን እንዘምራለን። በሜዳው ግን ከሦስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ፣ በደረታችን ተኝተን፣ ማን ትክክለኛውን ጥይት እንደመረጠ እንፋረዳለን። ዋንጫው የብር ነው፤ ሁለት እጀታ አለው። ያሸነፈ አንድ ዓመት ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ በተከታታይ ሦስት ዓመት ያሸነፈ ግን እስከ ልጅ ልጁ የራሱ ያደርገዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም።

እናቴ ቶርዲስ ያለፉትን ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን በልታ ነበር። ሦስተኛው ውድድር ሰኔ ላይ ነው። ዋንጫው የእኛው ሆኖ እንደሚቀር ለክፍል ጓደኞቼ በሙሉ ነግሬአለሁ፤ ለመምህሬም ጭምር።

እማዬ የምትተኩሰው በአያቴ በታርያይ ጠመንጃ ነበር። ጀርመኖች በጦርነቱ ተሸንፈው ከአገራችን ሲወጡ ጥለውት የሄዱት ነው፤ አዲስ በርሜል ተገጥሞለት ሰባት ስልሳ ሁለት ሆነ። አያቴ አስተካክለው፣ ዘይት ቀብተው፣ ለሰርጓ ሰጧት። ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻን እንደ አውራ በግ ይገጫል። ከውድድር ማግሥት የእማዬ ትከሻ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ሳየው ኩራት ይሰማኝ ነበር።

እና በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ፣ እራት እየበላን፣ እማዬ ሹካዋን ሳታስቀምጥ ተናገረች።

«አባባ፣ ዘንድሮ በስድስት ተኩል ነው የምተኩሰው።»

አያቴ ድንቹን እንደጎረሱ ቆዩ። ከዋጡት በኋላ የማዶው ባለሱቅ ጋ መመላለሷ ደግ እንዳልሆነ ድሮም ያውቁ እንደነበር ገለጹ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቂያለሽ» አሏት።

አባቴ አይቪን ጸብ የማይወድ ሰው ነው። «ሐኪሙ እኮ የጠመንጃው ግፊት ጥሩ አይደለም ብሏታል» ብሎ ጀመረ። እማዬ ወደ እኔ በዓይኗ ጠቀሰችው፤ እሱም ወደ ዓሣው ተመለሰ።

«ሐኪም!» አሉ አያቴ። «እናትሽ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድርቆሽ ስትሸከም ነበር፤ ምን ሆነች?»

ድርቆሽ ከጥይት ጋር ምን እንዳገናኘው ለብዙ ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ የደረስኩበት ይህ ነበር፦ ሴት አያቴ ጠንካራ ነበረች፣ እማዬ ግን ፈሪ ሆናለች። ትከሻዋን ፈርታለች። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

አሁን ስቆጥረው እማዬ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በእኛ ቤት ይህ ልጅ ፊት የሚነገር ነገር አልነበረም። ላም ስትወልድ ፋኖስ ይዤ ቆሜአለሁ፣ የበግ ግልገል በእጄ ስቤአለሁ፤ ስለ ሰው ግን ማንም አልነገረኝ፣ እኔም ከላም ጋር አላገናኘሁትም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእማዬን ሆድ ግን የአያቴ አሮጌ ካፖርት ደበቀው። በሙቀት ሳይቀር ለብሳው ስትዞር፣ ፍርሃት ብርድ ብርድ የሚያሰኝ በሽታ ነው ብዬ አዘንኩላት።

ከዚያ እራት በኋላ አያቴ ልጃቸውን አኮረፉ። የሚኖሩት ከእኛው ጋር ስለሆነ ማኩረፉ ቀላል አልነበረም፤ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ።

«ኦስኔ፣ ለእናትሽ ንገሪያት» ይላሉ። «ወፍራም ጥይት ሰፊ ቀዳዳ ይተዋል። ሰፊ ቀዳዳ መስመር ይነካል። መስመር የነካ ደግሞ ከፍ ያለውን ነጥብ ያገኛል። ይህ ሒሳብ ነው።»

እማዬ ሁለት እርምጃ ርቃ ካልሲ ትጠግናለች። እኔ ሁለቱን እርምጃ ሄጄ ቃል በቃል እነግራታለሁ።

«ለአያትሽ ንገሪያቸው። መስመሩን ለመንካት መጀመሪያ መስመሩ ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ሰደፉ መቼ ይመታኛል እያልኩ ቃታ ስስብ መስመሩ ጋ አልደርስም።»

ተመልሼ እነግራለሁ። ስለ ነፋስም፣ ስለ ባሩድም፣ ስለ ጥይት ርዝመትም እንደዚሁ ተመላለስኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ በአገሩ ካለ የስምንት ዓመት ልጅ ሁሉ ስለ ጥይት የበለጠ የማውቅ ሆንኩ። የማላውቀው አንዱን ነገር ብቻ ነበር።

ማዶ ያለው ባለሱቅ ጋሼ አስጋውት ናቸው። ምስማር፣ ገመድ፣ ጥይትና ከረሜላ ይሸጣሉ። ሁለቱንም ዓመት እማዬን ተከትለው ሁለተኛ የወጡት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጡና የራሳቸውን ሁለተኛ ጠመንጃ፣ ስድስት ተኩሉን፣ ጠረጴዛችን ላይ አጋደሙት። አያቴ ተነሥተው ወጡ። ጋሼ አስጋውት ጥይቷን በሁለት ጣት ይዘው ለእማዬ አሳዩአት፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ነፋሱን እንደ መርፌ ሰፍታው ታልፋለች፣ ትከሻንም አትመታም አሏት።

«ለሁለታችሁም ይሻላል» ብለው ጨመሩ፤ ወዲያው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ሁለታችን ማን ማን ነን? እኔ መች ተኩሼ አውቃለሁ? እማዬ ጠመንጃውን ሜዳ ወስዳ አምስት ጥይት ስትሞክር እንደ ልጃገረድ ፈገግ አለች። እኔን ግን ሐሳብ ያዘኝ። ሁለት ዓመት ያሸነፈችህን ሴት ጥሩ ጠመንጃ ታውሳታለህ? ሞኝ ካልሆንክ አታደርገውም፤ ጋሼ አስጋውት ደግሞ ሞኝ አልነበሩም። ስለዚህ ጠመንጃው መጥፎ ነው ማለት ነው፤ እማዬን በቀጭን ጥይት አታለው ዋንጫውን ሊነጥቁን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ «ጋሼ» ማለቱን ተውኩ። በአፌ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ በልቤ «አንተ»። እንዲህ አድርጌ ቀጣሁት።

የውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አስጋውት በቤታችን በኩል ወደ ተኩስ ሜዳው ሲያልፍ አየሁት። በትከሻው አካፋ፣ በእጁ ድርቆሽ የተሞላ ጆንያ ይዟል። የት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። አካፋውን ከጀርባው ሊደብቀው ሞከረ፤ አካፋ ግን ከሰው ጀርባ አይደበቅም።

«አበባ ልተክል» አለኝ።

በተኩስ ሜዳ አበባ የተከለ ሰው እስከ ዛሬም አላየሁም።

እሑድ ማለዳ አባዬ ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ መጋገሪያ ወደ ሜዳው ቤት ሲያደርስ አብሬው ሄድኩ። እሱ እሳት ሲያነድ እኔ ወደ መተኮሻው ወጣሁ። መተኮሻው ሣር የለበሰ ረጅም የአፈር መደብ ነው፤ በተርታ ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች አሉት፤ ተኳሾቹ በየቁጥራቸው ምንጣፍ ዘርግተው በደረታቸው ይተኛሉ። የእማዬ ቁጥር አራት ነበር። አራት ላይ ምንጣፉ ቀድሞ ተዘርግቷል። ስረግጠው ሰመጠ።

ምንጣፉን ገለጥኩት። ጉድጓድ ነበር። እንደ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ክብ፣ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ያህል። ሣሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠርዙ ጽድት ብሏል፣ ውስጡ ድርቆሽ ተነጥፎበታል። አያቴ ቀበሮ የሚይዙት በዚህ ዓይነት ነው፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ላዩ ይሸፈናል። አስጋውት ለእናቴ ወጥመድ ቆፍሯል!

አባዬን አልጠራሁትም። አባዬ ጸብ አይወድም። ከሜዳው ቤት ባልዲ አምጥቼ ከመንገዱ ዳር ጠጠርና ጭቃ አመላለስኩ። ስንት ባልዲ እንደሆነ አላስታውስም፤ ክንዴ መንቀጥቀጡን ግን አስታውሳለሁ። ድርቆሹን አውጥቼ በተንኩት፣ ጉድጓዱን ሞላሁት፣ ላዩ ላይ እየዘለልኩ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ጠቀጠቅሁት። ምንጣፉን መለስኩና እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ጀግና ሆኜ አላውቅም።

ጉድጓዱ የእማዬ ሆድ ማረፊያ ነበር። አባዬ ሌሊት ተኝታ ሳለ በክር ለክቷት፣ ክሩን ለጋሼ አስጋውት ሰጥቶ፣ እሳቸው ቆፍረውታል። የክለቡ ሽማግሌዎችም ስለ ጉዳዩ አንድ ሰዓት ተሰብስበው ነበር። የደንቡን መጽሐፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡት፤ ጠመንጃ በምንም ነገር ላይ እንዳይደገፍ ይከለክላል፣ ስለ ሆድ ግን አንዲት ቃል የለውም። ሆድ ጠመንጃ አይደለም ብለው ፈቀዱ። ይህን ሁሉ የሸለቆው ሰው ያውቃል። የማናውቀው እኔና ውሾቹ ነበርን።

በውድድሩ አስጋውት ከሁሉ ቀድሞ ተኮሰ። አሥር ጥይት፣ ከመቶ ዘጠና አንድ ነጥብ። በዚያ ነፋስ ትልቅ ነገር ነበር። እማዬ መጨረሻ ላይ ወጣች። ካፖርቷን እንደለበሰች ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፣ በእጇ ተደግፋ ቀስ ብላ ልትተኛ ወረደች፤ ግማሽ ላይ ቀረች። ተነሣች። ምንጣፉን ገለጠችው።

አባዬ የዋፍሉን ሊጥ ጥሎ እየሮጠ መጣ። አስጋውትም የያዘውን ዋፍል ጥሎ መጣ። ተያዩ። ሁለቱም ፊታቸው ነጭ ሆነ፤ እኔ የአስጋውትን ፊት አይቼ «ተያዝክ» አልኩ በልቤ። አባዬ ለዳኛው አንድ ነገር ሹክ አለው። ዳኛው ሰዓቱን አየ፤ ለመቆፈር የሚሆን ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ሲናገር ሰማሁ።

እማዬ ግን አታዳምጥም ነበር። ጭቃውን ታያለች። ከዚያ ቀና ብላ ሰዉን በዓይኗ ፈለገችና እኔ ላይ ቆመች። ፈገግ አልኩላት። አይዞሽ ለማለት ራሴንም ነቀነቅሁላት።

ምንጣፉን መለሰችው። «መቆፈር አያስፈልግም» አለች። «ተንበርክኬ እተኩሳለሁ።»

በእኛ ሜዳ በሦስት መቶ ሜትር ተንበርክኮ የሚተኩስ ሰው የለም። ክንድ የሚያርፍበት መሬት የለም፤ አፈሙዙ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ዳኛው መጽሐፉን ሳይከፍት ጥቂት አሰበና፣ የሚቀለውን እንጂ የሚከብደውን መምረጥ ክልክል አይደለም ብሎ ፈቀደላት። ሰዉ አጉረመረመ። አያቴ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያኮረፉት ሰውዬ፣ «እብድ ናት፤ የእኔው ልጅ ናት» አሉ ለማንም ሳይሆን።

መጀመሪያ ዘጠኝ። ቀጥሎ ስምንት። ከዚያ አሥር። በእያንዳንዱ ተኩስ ኢላማው ከሥሩ ወዳለው ምሽግ ይወርዳል፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ቀዳዳውን ይለዩና ምልክቱን ከፍ ያደርጉልናል። ከአራተኛው በኋላ በሜዳው የሚያኝክ ሰው አልነበረም። ቀጭኑ ጥይት ትከሻዋን አይገፋትም፤ ከተኮሰች በኋላ ወዲያው ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። አያቴ ይህን አይተዋል፤ ፂማቸውን ሲያኝኩ ነበር። በዘጠኝ ጥይት ሰማንያ ሁለት ደረሰች። አሥር ካገባች ዋንጫው ለዘላለም የእኛ ነው። ዘጠኝ ካገባች ከአስጋውት ጋር እኩል ትሆናለች፤ እኩል ከሆኑ ደንቡ ብዙ አሥር ላለው ያደላል፤ ብዙ አሥር ያለው ደግሞ እሱ ነው።

የነፋስ ምልክት የሆነው ባንዲራ ወደቀ፣ ነፋሱ ቆመ። እማዬ ተኮሰች። ኢላማው ወረደ፤ አልወጣም። ቆየን። የምሽጉ ስልክ ጮኸ፤ ዳኛው አነሣው፣ ራሱን እየነቀነቀ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ቀዳዳዋ በዘጠኝና በአሥር መካከል ባለው መስመር አጠገብ ነበረች። መለኪያውን ከተው አይተዋታል፤ መስመሩን ለመንካት ግማሽ ሚሊሜትር ጎድሏታል።

«ዘጠኝ» አለ ዳኛው።

አያቴ ዱላቸውን ጥለው እማዬ ጋ ደረሱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተናገሯት። «በሰባት ስልሳ ሁለት ቢሆን ይነካ ነበር» አሉና አለቀሱ። ትክክል ስለሆኑ ይሁን ዋንጫው ስለሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ይመስለኛል።

እኔ አላለቀስኩም። ዋንጫው ቢሄድም እናቴ ከወጥመድ ተርፋለች፤ ለዚያ ደግሞ ማንም አላመሰገነኝም።

ሶንድሬ፣ ወንድሜ፣ ጥቅምት ላይ ተወለደ። አስጋውት የሱፍ ብርድ ልብስ ይዞ ሊጠይቅ መጣና፣ አባዬን ያን ሆድ ማረፊያ የደፈነው ማን ይሆን ብሎ ጠየቀው። አባዬ አላውቅም አለ። ሰሐን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። የሕፃኑን አልጋ አየሁ፣ የእማዬን ሆድ አየሁ፣ ላሟ ትዝ አለችኝ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሰሐኑ አልወደቀም፤ እኔ ግን ብወድቅ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሼ አስጋውትን ዕለቱኑ በልቤ ወደ «እርስዎ» መለስኳቸው። ዋንጫውን በሱቃቸው መስኮት ላይ ያስቀመጡት የእማዬ ስም ሁለት ጊዜ የተቀረጸበትን ጎን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሌላ መንገድ ቢኖር እል ነበር።

ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ለእማዬ የተናዘዝኩት ሰማንያ ዓመት በሞላት ሰሞን ነው። ወጥ ቤት ድንች እየላጥን ነበር። በሥራ ላይ ስንሆን ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ይቀላል።

«እማዬ፣ ያን ጉድጓድ የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ልጣጩን ሳትቆርጥ። «እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ነበርሽ። ደግሞ ስቀሽልኛል።»

«ታዲያ ለምን ዳግም እንዲቆፈር አላደረግሽም?»

«እየተቆፈረ ሳለ ሰዉ ሁሉ ማን ደፈነው ሊል ነዋ። አንቺም ትሰሚያለሽ። እንደዚያ ኮርተሽ የቆምሽውን ልጅ ሰው ፊት እንዴት ላሳፍራት?»

አለቀስኩ፤ በስንት ዓመቴ። ዋንጫውን ያሳጣኋት እኔ ነኝ አልኳት።

«አንቺ ምን አሳጣሽኝ?» አለች። «ተንበርክኬ ዘጠና ሁለት ነጥብ እንደማገባ እርግጠኛ ነበርኩ። ጠመንጃውም አላሳጣኝም። ያ ስድስት ተኩል እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም። አሥረኛውን ቃታ ስስብ ነው ሶንድሬ የረገጠኝ። እዚህ ጋ፣ ከጎድኔ ሥር። ተሰማኝ፤ ጥይቷም ሄደች።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ያን ግማሽ ሚሊሜትር ሲያወሩ ኖረዋል። በእኛ ዳርቻ ሃያ ዓመት ሙሉ ስድስት ተኩል የገዛ ሰው አልነበረም። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

«የሆድ ልጅ ይከሰሳል እንዴ?» አለች። «አደራሽን፣ ለእሱ እንዳትነግሪው። ሆደ ባሻ ነው።»

አልነገርኩትም። ወንድሜ ዛሬ ስልሳ አልፎታል፤ የክለባችን ሰብሳቢ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ዋፍሉ ጠረጴዛ አጠገብ ይቆምና አዲስ ጠመንጃ ሊገዙ የሚያስቡ ወጣቶችን ይሰበስባል። የነፋስ ሠንጠረዥ ያሳያቸዋል፣ ግፊቱን በቁጥር ያሰላላቸዋል፣ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ቀጭን ጥይት ግን አትምረጡ» ይላቸዋል፤ «የእኔን እናት ዋንጫ ያሳጣት ስድስት ተኩል ነው፣ ግማሽ ሚሊሜትር፣ እኔ አልተወለድኩም ነበር፣ እህቴ ግን በዓይኗ አይታለች።» ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል።

«ኦስኔ፣ አይደለም እንዴ?»

«ነው» እላለሁ።

እማዬ ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከጎኔ ትቀመጣለች። ከሰሐኑ ትልቁን ዋፍል መርጣ፣ ቡናማ አይብ ጨምራ ታቀብለዋለች። ሲበላ ዝም ይላል።